የኻላ ረሕማ የትል ሳጥን

ኻላ ረሕማ ያረፈች ቀን ከሆስፒታል ስመለስ፣ ወደ ራሴ ቤት ሳልገባ የሷን በር ከፍቼ ጆንያ አረጠብኩ። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ጎረቤታችን ኡም ሳሊም በመስኮት አየችኝና ነገሩ ገብቷት አለፈች። ወሩ ሰኔ ነው፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይፋጃል። ሳጥኑ ላይ ያለው ጆንያ ከጠዋት ጀምሮ የሚያየው ሰው አጥቶ ደርቋል። ከጄሪካኑ ውሃ አፍስሼበት ክዳኑን ገለጥ ሳደርግ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ሆስፒታል ውስጥ አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሳላንኳኳ መክፈቴ ትዝ ያለኝም ያኔ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትሎች ናቸው። ይህን ከወዲሁ ልናገረው፤ ስለ ትል መስማት የሚቀፈው ሰው ስለ ኻላ ረሕማ ሊሰማ አይችልም። ቀያይ፣ ቀጫጭን የመሬት ትሎች ናቸው። የወጥ ቤት ትራፊ ይበላሉ፤ የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ፣ የተፈላ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። የበሉትን ጥቁር፣ ልል አፈር አድርገው ያወጡታል፤ የተማሩ ሰዎች የትል ብስባሽ ይሉታል፣ ለተክል ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም ይላሉ። እኔ ትል አልወድም። ዛሬም አልወድም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ የመናዊ፣ እናቴ የኮምቦልቻ ሴት ነበሩ፤ ያደግሁት ኮምቦልቻ፣ የምኖረው እዚህ የመን፣ ኤደን ከተማ፣ አል-ሚምዳራ ሰፈር ነው። ኻላ ረሕማ የመጣችው በሐይቅ በኩል ካለ የወሎ ገጠር ነው። ኻላ በዐረብኛ የእናት እህት ማለት ነው፤ ደም ግን አያገናኘንም። የሚያገናኘን አንድ ግድግዳና ጣሪያው ላይ ያለው አንድ የውሃ ታንኪ ነበር። በዚህ ከተማ ታንኪ የተጋራሽው ሰው ከዘመድ አያንስም፤ መቼ እንደምትታጠቢ እንኳ ያውቃል።

አጭር ነበረች። ስትራመድ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ዕድሜ ልኳን በሰው ቤት የተሸከመችው ባልዲ ነው ያዘነበላት። ከአፏ የማይጠፋው ቃል "የሰው ነው" የሚል ነበር። መርፌ ካዋስኳት ክር ሰክታበት ትመልሳለች። የልጅ ነጠላ ጫማ በሯ ላይ ወድቆ ካገኘች አጥባ መስኮት ላይ ታሰጣዋለች። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ የወደቀ ቁልፍ አንስታ፣ ባለቤቱ ፈልጎ ይመጣል ብላ ፀሐይ ላይ ቆመች፣ እኔንም አቆመችኝ። ለባለ ሱቁ ሰጥተነው እንሂድ ብላት፣ እሱ ቢረሳውስ አለችኝ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እስኪሰገድ ቆምን። ባለቤቱ መጥቶ ቁልፉን ከእጇ ሲወስድ አላመሰገናትም። እሷ ፊቷ በርቶ፣ እኔ እየተነጫነጭኩ ወደ ቤት ገባን።

ትሎቹም የሰው ነበሩ፤ የኡስታዛ ሰልዋ።

ኡስታዛ መምህርት ማለት ነው፤ ኡስታዛ ሰልዋ ኮርማክሳር የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የመን ተወላጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ሕይወት የሚያስተምሩ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የኖሩት። ኻላ ረሕማ ቤታቸውን ስታጸዳ፣ ስታበስልላቸው ብዙ ዘመን ኖራለች። ትሎቹን መጀመሪያ ለተማሪዎቻቸው ማሳያ ብለው ከውጭ አስመጧቸው፤ ኋላ እግር ባለው የእንጨት ሳጥን አድርገው ወጥ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጧቸው። ኻላ ረሕማ መጀመሪያ ሰሞን በሳጥኑ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብስባ ነበር የምታልፈው። አንድ ቀን ኡስታዛ እጇን ይዘው ቀስ ብለው አፈሩ ውስጥ አስገቡት፣ የራሳቸውንም እጅ አብረው አስገቡ። ይህን ስታወራልኝ ሁልጊዜ እጇን ታየዋለች። ከዚያ በፊት እጇን የያዘ አሠሪ እንዳልነበራት ነግራኛለች።

ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ የኡስታዛ ልጅ እናቷን ካይሮ ወሰደቻቸው። ኻላ ረሕማ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ኡስታዛ መኪና ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ተመለሱና ወደ ወጥ ቤቱ እያመለከቱ፣ "ረሕማ፣ ትሎቹን አማና፤ እስክመለስ ጠብቂልኝ" አሏት። አማና እኛ አደራ የምንለው ነው፤ ለሙስሊም ሰው ደግሞ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ኻላ ረሕማ እንባዋን ጠርጋ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።

ተኩሱ ኮርማክሳርን ሲያናውጠው ሰው ሁሉ ወደኛ በኩል፣ ወደ ሼኽ ዑስማን ሸሸ። ፍራሽ የተሸከመ፣ የጋዝ ሲሊንደር የሚያንከባልል፣ እናቱን በእጅ ጋሪ የጫነ መንገዱን ሞላው። ኻላ ረሕማ ሳጥኑን በአናቷ ተሸክማ መጣች። የራሷ ልብስ እዚያው ቀርቷል። ኑቅጣ ላይ፣ የፍተሻ ኬላው ማለት ነው፣ አንድ ታጣቂ አስቁሞ አስከፈታት። በጠመንጃው አፈሙዝ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ኻላ ረሕማ የሰው አማና እንደሆነ ነግራው፣ ብረቱ ስለሚጎዳቸው እንዲያወጣው ለመነችው። አወጣው፣ አሳለፋትም። ይህን የነገረኝ አብሯት የሸሸ ሰው ነው። እሷ ስለ ኑቅጣው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ የምታነሳው በመንገድ ላይ ውሃ ስላጠጣት ሰው ነው። ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ትሎቹ ላይ አፍስሳዋለች።

ከኔ ጎን የተከራየቻት ክፍል አንድ ፍራሽ፣ አንድ ምድጃና ያንን ሳጥን ይዛ ሞላች። የሳጥኑን እግሮች ጉንዳን እንዳይወጣ ውሃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ አቆመቻቸው። ላዩን እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። የኤደንን የሰኔና የሐምሌ ሙቀት ያላየ ሰው ትል ማኖር ቀላል ይመስለዋል። መብራት ሲጠፋ ደጋግሞ ነው የሚጠፋው፤ ጣሪያው ላይ ያለው ውሃ እጅ ይለበልባል። እኛ በዚያን ጊዜ በረዶ የምንገዛው የምንጠጣውን ለማቀዝቀዝ ነው። ኻላ ረሕማ የገዛችውን በረዶ በፌስታል ጠቅልላ ክዳኑ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች። እኔ አብደሻል እላታለሁ፤ እሷ ከፌስታሉ የሚንጠባጠበውን እያሳየችኝ፣ ጆንያውንም አራሰልኝ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆነልኝ ትላለች።

ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ቢስሚላህ ትላለች፣ ከዚያ እንጨቱን በጥፍሯ ታንኳኳለች። ትል ጆሮ እንደሌለው ኡስታዛ ነግረዋት ያውቃሉ። እኔም ነገርኳት።

"ቤታቸው ነው፤ ሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም" አለችኝ።

የከበደው ነገር አፈሩ ነው። በየጊዜው ብስባሹን በወንፊት ትነፋለች፣ ጥላ ላይ ታሰጣለች፣ ጆንያ ትሞላለች፣ አፉን እኔ በሰጠኋት ወፍራም ክር ትሰፋለች። ለማንም አትሰጥም። ለራሷም አንዲት ቆርቆሮ ሞልታ ቅጠል አልተከለችበትም። ጆንያው በግድግዳው ጥግ ተደረደረ፤ ከዚያ በሌላው ግድግዳ፤ በመጨረሻ ለፍራሹ ቦታ ሲጠፋ ፍራሿን ጆንያዎቹ ላይ አነጠፈችው። አፈሩ ላይ ነበር የምትተኛው።

ኡም ሳሊም ለሰው ክፉ ያልሆነች፣ ግን ቶሎ የምትቀየም የመን ሴት ናት። በዘይት ቆርቆሮ ሪሓን ትተክላለች። ሪሓን እንደኛ በሶብላ ሽታው የሚያውድ ቅጠል ነው፤ የኤደን ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ይሰኩታል፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የሞተ ሰዋቸው መቃብር ላይ ያኖሩታል። የዚህ አገር አፈር ጨው ነውና ሪሓኗ እየቀጨጨ አስቸገራት። አንድ እፍኝ ብስባሽ ለመነች። ኻላ ረሕማ አልሰጠቻትም። ኡም ሳሊም ለስንት ጊዜ በኩርፊያ ሰላምታ ከለከለችን፤ እኔንም ጨምራ ነው፣ ጎረቤት አንድ ላይ ይቆጠራል። እኔም ተናድጄ ነበር። ትሉ የኡስታዛ ቢሆን አፈሩ የማንም ነው ብዬ ተከራከርኳት።

"ላሟ አማና ከሆነች፣ ወተቷ የማን ነው?" አለችኝ።

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ብከራከራትም አትሰማም።

ጦርነቱ ካለፈም በኋላ ኑሮው አልተመለሰም። አትክልት ሲወደድ የድሃ ወጥ ቤት ልጣጭም ያጣል። ኻላ ረሕማ በየቤቱ እየዞረች የሻይ ቅጠልና ቅርፊት ትለምን ጀመር፤ ለራሷ ግን አንድም ቀን ለምና አታውቅም። በዚህ ጊዜ ነው ገረባው፣ የጫት ትራፊው፣ ትዝ ያላት። የኡም ሳሊም ባል እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ከቀትር በኋላ ከእንግዶቹ ጋር ይቅማል፤ ሲነሱ ክፍሉ ውስጥ የተጣለ ቅጠልና እንጨት ክምር ይቀራል። ወሎ ውስጥ ገረባ ለፍየል ይሰጣል፤ ከጓሮ የተቀጠፈ ጫት ነው፣ መድኃኒት አያውቀውም። ኻላ ረሕማ የምታውቀው ያንን ጫት ነው። ሄዳ ኡም ሳሊምን ገረባውን ለመነቻት። ኡም ሳሊም መለመኗ ደስ አላት፤ ኩርፊያውም በዚያ ቀረ። በትልቅ ሳፋ ሞልታ ራሷ አመጣችላት። ኻላ ረሕማ እንጨቱን ለይታ፣ ቅጠሉን በእጇ እየበጣጠሰች ሳጥኑ ውስጥ ስታለብሰው ቆሜ አየሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያን ቀን ነው።

እዚህ አገር ጫት ላይ የተባይ ማጥፊያ እንደሚረጭ ቃሚው ሁሉ ያውቃል። ለዚያ ነው አጥቦ የሚቅመው፤ የሚጥለውን ግን የሚያጥብ የለም። ከሦስታችን አንዳችንም ይህን ነገር ከትል ጋር አላገናኘነውም።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳዬ ተመታ። ስገባ ኻላ ረሕማ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካለች። ትሎቹ አፈሩን ሸሽተው ወደ ክዳኑ ወጥተው፣ እዚያው ጥግ ላይ ተጠቅልለው ቀርተዋል። የሚንቀሳቀስ አልነበረም ማለት ይቻላል። እሷ በሁለት እጇ አፍሳ፣ ቤቷ ውስጥ በቀረችው የመጠጥ ውሃ እያጠበቻቸው ነበር። አንዱን ጭብጥ ታጥብና መሬት ላይ ባነጠፈችው እርጥብ ጨርቅ ላይ ታኖራለች፣ ታያለች፣ ሌላውን ታነሳለች። ውሃው ሲያልቅ እጇን ዘርግታ ቀረች።

"አማና በላሁ፣ ሰዓዳ" አለችኝ።

ኡም ሳሊም በሩ ላይ ቆማ ፊቷን እየመታች ታለቅሳለች። ኻላ ረሕማ ተነስታ እጇን ያዘቻት፤ የለመንኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አደረግሽ ብላ አጽናናቻት። ከዚያ ተመልሳ ተንበረከከች።

በዚያ ሳምንት ወደ መስጊዱ ኢማም ሄዳ ጠየቀች። አማና የተሰጠ ሰው ሳይዘናጋና ሳያጠፋ ንብረቱ ቢሞትበት እንደማይጠየቅ ነገሯት፤ ዱዓም አደረጉላት። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ ታዲያ ጥፋት የለብሽም ካሉሽ ምን ያስለቅስሻል አልኳት። ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች።

"እኔም አማና ነበርኩ" አለችኝ። "እናቴ ወደ ዐረብ አገር ስነሳ እጄን ያገራችን ሴት እጅ ላይ አድርጋ ነው የሰጠችኝ፤ እስክትመለስ አማና ብላ። ሴትየዋ ባሕሩ ዳርቻ አድርሳኝ ጠፋች። እናቴ ስትጠብቀኝ ሞተች። ለዚያች ሴትዮም ጥፋት የለብሽም የሚላት ሰው አይጠፋም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ።"

በዚያ ሁሉ ጉርብትና ስለ እናቷ የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው። ያን ዕለት ስፌቴን አልነካሁም፤ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው መቼም የማልረሳው። ከኔ ነጭ ጨርቅ ተቀብላ በሯ ላይ፣ ብርሃን ባለበት አነጠፈች። የሳጥኑን አፈር በማንኪያ እያወጣች ጨርቁ ላይ ትበትናለች፣ በጣቷ ጫፍ ትፈትሻለች፣ ሌላ ማንኪያ ታወጣለች። ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት እንቁላል አለችኝ። ኡስታዛ አሳይተዋት ያውቃሉ፤ ሰሊጥ የሚያካክል፣ የማር መልክ ያለው ነገር ነው። ትሉ የሞተበት መርዝ እሱን አልነካው ይሆናል ብላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጎንብሳ ትውላለች፤ ለሶላት ትነሳለች፣ ተመልሳ ትጎነበሳለች። የጎረቤት ሰው ሲያልፍ ያያታል፤ የሚስቅ አልነበረም። ያገኘቻትን እያንዳንዷን ፍሬ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከተሰፉት ጆንያዎች አንዱን ፈትታ ብርጭቆውን በጥሩ አፈር ሞላች። ይኼንስ ብትነካ የራሳቸው ነው፣ ለራሳቸው ነው አለችኝ፤ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ያህል ነበር የተናገረችው።

ሳምንታት አለፉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ግድግዳው ቀስ ብሎ ተመታ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ይዛለች። ከመስተዋቱ ጎን፣ ከስፌት ክር የቀጠነ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሌላ አየን። ብርጭቆውን እኔ ተቀበልኳት። ትል የማልወደው እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የምታበላቸውን ነገር ሁሉ ደጋግማ ታጥባለች። ቢር ፈድል ያለ አንድ ገበሬ መድኃኒት የማያውቀው የፓፓያ ቅጠል ይሰጣት ነበርና በሚኒባስ እየሄደች ታመጣለች። ሳጥኑ ቀስ በቀስ ሞላ። ሲሞላ ግን እረፍት አላገኘችም፤ የሆነውን ለኡስታዛ ካልነገርኩ ብላ ያዘችኝ። ስልካቸውን ከኮርማክሳር የድሮ ጎረቤቶቻቸው አፈላልገን አገኘን። የኔን ስልክ ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጌ ደወልኩ። ኡስታዛ ድምፅዋን ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ረሕማ በሕይወት አለሽ፣ ረሕማ ጤናሽ እንዴት ነው እያሉ ያለቅሳሉ። ኻላ ረሕማ ሰላምታውን ሳትጨርስ ጥፋቷን ተናዘዘች። ገረባውን፣ መርዙን፣ እንቁላሉን፣ አሁን ያሉት የትሎቹ ልጆች እንጂ የድሮዎቹ ራሳቸው እንዳልሆኑ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። አፉ እንድትባል ለመነች።



"የትኞቹ ትሎች?" አሉ ኡስታዛ።

ኻላ ረሕማ እኔን አየችኝ፤ ስልኩን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወጥ ቤቱን፣ ሳጥኑን፣ መኪናው በር ላይ ያሏትን አስታወሰቻቸው። ኡስታዛ ሲያስታውሱ ድምፃቸው ተለወጠ። እስካሁን አሏት፤ ወላሂ ረስቼዋለሁ፣ አንቺ እስካሁን? ሣቁ፣ ደግነት ያለበት ሣቅ ነበር። አፉ አሏት፣ መረቋት፣ ተሰናበቱ። ኻላ ረሕማ ስልኬን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መለሰችልኝ።

እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። ለነዚህ ነገሮች በረዶ ስትገዢ፣ ለነዚህ ስትለምኚ፣ አፈር ላይ ስትተኚ፣ ሴትየዋ እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም አልኳት። ብዙ ነገር ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እሷ ብትረሳ፣ እኔ አልረሳሁ" አለችኝ።

ሄዳ እጇን ታጠበች። ክዳኑን ስታንኳኳ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

ባለፈው ሰኔ ትኩሳት ያዛት። በዚያ ሙቀት ሁላችንም ትኩሳት ስለምናውቅ አልደነገጥንም፤ ሆስፒታል ያስገባናት ከፍራሿ መነሳት ሲያቅታት ነው። ጠዋት ጠዋት ስጠይቃት አስቀድማ የምትጠይቀኝ ጆንያው መርጠቡን ነው። በመጨረሻዋ ቀን ድምፅዋ ስለደከመ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ትሎቹን ለባለቤታቸው እጅ በእጅ ስጫት አለችኝ፣ አፈሩንም። ትንሽ አረፈችና፣ "ተረክቤያለሁ ትበል" አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሸሃዳዋን፣ የእምነት ምስክርነቷን ብቻ ነው።

ሳጥኑንና ጆንያዎቹን ወደ ስፌት ክፍሌ አስገባኋቸው። ለኡስታዛ በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ ሞቷን ነገርኳቸው፣ ያለችውንም ቃል በቃል ነገርኳቸው። የመለሱልኝ መልእክት ውስጥ ብዙው ለቅሶ ነበር፤ መጨረሻው ላይ እመጣለሁ ይላል። እኔም ትሎቹን አጠገቤ አስቀምጬ ስሰፋ ከረምኩ። በረዶም ገዛሁ። ስለዚህ ነገር የሳቀችብኝ ኡም ሳሊም፣ በማግስቱ ራሷ በረዶ ይዛ መጣች።

ሙቀቱ በረድ ሲል መጡ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የስፌት ክፍሌ በር ላይ ቆመው ከወለል እስከ መስኮት የተደረደረውን ጆንያ አዩ፤ ምን እንደሆነ ስነግራቸው አላመኑም። ለትሎቹ ጫጩቶች ከፈታችው በቀር አንድ እፍኝ እንዳልነካች ነገርኳቸው። ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ።

ያን ቀን በር ላይ ስታለቅስ ምን እንደማደርግላት ጠፋኝ አሉኝ። የምትይዘው ነገር ይኑራት ብዬ፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኳት አሉ። እንዲህ ይከብዳታል ብዬ መች አሰብኩ ብለው አለቀሱ።  ተናድጄባቸው የኖርኩት ንዴትም በዚያች ሰዓት የት እንደገባ አላውቅም። ሴትየዋ የሰጧት ደግ ነገር ነበር፤ ክብደቱን የጨመረችበት ኻላ ረሕማ ናት።

ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉና ክፍሉን ቃኙ። ካይሮ ያሉት ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ነው፤ ይኼን ሁሉ ወዴት ይወስዱታል?

"አንቺ ጋ ይቆይልኝ፣ ልጄ። እኔ እስክ..."

እጄን አነሳሁ። በዕድሜ የገፋች ሴት ተናግራ ሳትጨርስ እጄን ሳነሳ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"ኡስታዛ፣ ያንን ቃል አይጨርሱት። ወይ ይውሰዱት፣ ወይ ይስጡኝ።"

አዩኝ። ገባቸው። ሰጠሁሽ አሉኝ፤ ሳጥኑንም አፈሩንም ሰጥቼሻለሁ፣ የራስሽ ነው። እኔም እሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ከባለአደራዋ ይረከቡ አልኳቸው።

ሐሙስ ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ አንድ ጆንያ ታክሲ ላይ ጭነን ወደ መቃብሩ ሄድን። ኡም ሳሊም ከሪሓኗ ጥሩውን ነቅላ ከነሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። የኻላ ረሕማ መቃብር እንደሌሎቹ አሸዋና ድንጋይ ነው። ክሩን በመቀሴ በጠስኩት። ኡስታዛ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው በጉልበታቸው ወረዱ፤ ጥቁሩን አፈር በእጃቸው እያፈሱ ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበሷት። ሪሓኑን ተከልን፣ ከቤት ያመጣሁትን ውሃ አጠጣነው። የተረፈውን አፈር ለኡም ሳሊም ሰጠኋት፤ ያለ ክርክር ተቀበለችኝ።

ኡስታዛ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።  አጠገባቸው ተቀምጬ የራስጌውን ድንጋይ በጥፍሬ አንኳኳሁና፣ አሁን ይንገሯት አልኳቸው።

"ረሕማ" አሉ። "ተረክቤያለሁ። ምንም አልጎደለም።"